ባለ 16 ገጽ የኮሚክ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ እንዴት እንደሚሰራ

ለ50 ቅጂ ማተሚያ ቤት መሄድ አያዋጣም። እኔ ጅማ ውስጥ ኑሮዬን የምገፋው የሱቅ ታፔላ በመጻፍ ነው። ኮሚክ የምሠራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ብሩሽና ቀለሜን ይዤ ከመውጣቴ በፊት ነው። በዚህች ሰዓት ተሥሎ፣ ሰፈር ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ፣ በእጅ ተሰፍቶ አንባቢ ዘንድ የሚደርስ መጽሐፍ እንዴት እንደሚወጣ ላሳያችሁ። አብዛኛው ሥራ ቀላል ነው። ፊደሉ ግን የመጀመሪያ መጽሐፌን አበላሽቶብኛልና እሱ ላይ እቆያለሁ።

1. ዕቃ

ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ውኃ የማይለቀው ጥቁር እስክሪብቶ (ባለ 0.5 እና ባለ 0.8)፣ ምላጭ፣ ማጣበቂያ፣ ፍሉድ፣ መርፌና የጫማ ሰፊ ክር። ታብሌት ያለው በታብሌቱ ይሥራ፤ የሌለው ግን እስኪገዛ አይጠብቅ። ወረቀታችሁን ሁልጊዜ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በጅማ ዝናብ ወረቀት ይለሰልሳል፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ላይ ቀለም ይንሰራፋል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑም ይበላዋል።

2. ናሙና መጽሐፍ

አራት ባዶ ኤ4 ወረቀት ደራርባችሁ መሃል ለመሃል እጠፉ። ከፊት ጀምራችሁ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ስጡትና ፍቱት። ውጭ ያለው ወረቀት ላይ 16 እና 1 ጎን ለጎን፣ በጀርባው 2 እና 15 ታገኛላችሁ። ቀጣዩ 14 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 13። ሦስተኛው 12 እና 5፣ ጀርባው 6 እና 11። መሃለኛው 10 እና 7፣ ጀርባው 8 እና 9። ጎን ለጎን ያሉት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይመጣሉ። ካልመጡ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ገጽ 1 ሽፋን፣ ገጽ 16 የኋላ ሽፋን ስለሆነ ለታሪኩ የሚተርፈው 14 ገጽ ነው። 14 ገጽ ላይ የሰው ዕድሜ አይተረክም፤ አንድ ቀንና አንድ ውሳኔ ይበቃል። አንባቢው ገልጦ እንዲደነግጥ የምትፈልጉትን ነገር ተጋማሽ ቁጥር (እንደ 2፣ 4፣ 14) ያለው ገጽ ላይ አድርጉት፤ ቅጠሉ ሲገለጥ የሚታየው እሱ ነውና።

3. ሥዕሉ በእርሳስ

መሣል የምትችሉ ስለሆናችሁ ነው እስከዚህ ያነበባችሁት። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሄዳችሁ እዩ። የጅማ አንባቢ የጅማን ነገር ያውቃል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አራት እግር ብትሰጡት መጽሐፉን ከመግዛቱ በፊት ይነግራችኋል። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከስልክ ፎቶ አይታችሁ ብትሥሉት የሰገነቱ የእንጨት ሥራ ይጠፋባችኋል። ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ ብትሥሉት ግን ለብዙ መጽሐፍ ስንቅ ይሆናችኋል።

4. ፊደሉ

አብዛኛው ጀማሪ ሥዕሉን ይጨርስና በተረፈው ቦታ ንግግሩን ያጭቃል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የመጀመሪያ ታሪኬ በደላላ ቃል ተማምና ዐረብ አገር ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ የደረሰች ልጅ ታሪክ ነበር። ገጽ 14 ላይ ሻንጣዋን ታስቀምጥና አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች፦ «አልሄድም»። መጽሐፉ በሙሉ ወደዚያች ቃል ነበር የሚሄደው።

ዋናው ገጽ የሚሠራው ኤ4 ላይ ነው፤ መጽሐፉ ግን ኤ5 ስለሆነ ማሽኑ ወደ 71 በመቶ ያሳንሰዋል። እኔ 3 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል በወፍራም ማርከር ጽፌ ነበር። ሲታተም 2 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። 60 ቅጂ አባዝቼ፣ አጥፌ፣ ሰፍቼ ወጣሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና የምታፈላ እህት አንዱን ተቀብላኝ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ እንዳለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቀና አለችና «ወንድሜ፣ ማነው ያልሄደው?» አለችኝ። አልገባኝም። መጽሐፉን ተቀብዬ አየሁት። «ድ»ን ከ«ደ» የምትለየው ትንሽ ጭረት በቀለም ተውጣ «አልሄደም» ሆናለች። ስልሳውም ቅጂ እንደዚያው ነበር። ልጅቷ ያን ሁሉ ገጽ ተጉዛ የወሰነችው ውሳኔ አንባቢው ዘንድ አልደረሰም። ያን ቀን መጽሐፎቹን ሰብስቤ ወደ ቤት ተመለስሁ።

የኛን ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚለየው ትንሽ ነገር ነው። የ«ቡ» ቅጥያ መሃል ላይ ናት፣ የ«ቢ» ከእግሩ ሥር። የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነች «ቢ» ትሆናለች። የላቲን ፊደል ትንሽ ቢደፈን ዓይን ከቃሉ ገምቶ ያልፋል፤ የኛ ሲደፈን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ትክክለኛ ቃል ሆኖ ይነበባል። አንባቢው ስህተት መሆኑን እንኳ አያውቅም። ለዚህ ነው ፊደል ከሥዕል በፊት ይምጣ የምለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰዎቹን በእርሳስ ካስቀመጣችሁ በኋላ፣ ምንም ቀለም ሳትነኩ፣ ንግግሩን በእርሳስ ጻፉ። በ6 ሚሊሜትር ርቀት ሁለት መስመር አስምሩ፣ 3 ሚሊሜትር ዝለሉ፣ ደግሞ አስምሩ። ፊደሉ በሁለቱ መስመር መካከል ይቆማል፤ ሲያንስ 4 ሚሊሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፣ ይነበባል። ከ5 ሚሊሜትር በታች አትውረዱ። የንግግሩን ክብ (እኔ ፊኛ እለዋለሁ) በመጨረሻ በቃላቱ ዙሪያ ሣሉት። ፊኛው ፊት ከሸፈነ ሰውዬውን አንቀሳቅሱ ወይም ንግግሩን አሳጥሩ እንጂ ፊደሉን አታሳንሱ። ቀለም ሲደርስ ፊደሉን በ0.5 ጻፉ፤ ለሥዕሉ 0.8 ይሁን።

ቃል ከመስመር መስመር አትስበሩ። «ስላልነገርከኝ»ን ለሁለት ብትከፍሉት አንባቢው ይሰናከላል። ዓረፍተ ነገርን ለሁለት ፊኛ መክፈል ግን ያምራል፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ። «ደላላው ነገ በሌሊት» ብላችሁ አንዱን ፊኛ ዝጉ፤ ይምጣ ይቅር አንባቢው አያውቅም። «ይመጣል» የሚለው ከቅጠሉ ማዶ ይጠብቀው።

ለድምፅም የራሳችን ቃል ሞልቶ «ቡም» አትጻፉ። ሰው ሲወድቅ ዘጭ፣ በር ሲዘጋ ጓ፣ ጥፊ ጧ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ጠብ ጠብ። ባዶ መንገድ ስትሥሉ ደግሞ ጥግ ላይ በትንሹ «ጭር» ብትሉ ዝምታው ይሰማል። ለእነዚህ ብሩሽ እጠቀማለሁ፤ የታፔላ ሥራዬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

በኮምፒውተር እጽፋለሁ የሚል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ይውሰድ፤ ነጻ ነው፣ መስመሩም እኩል ውፍረት አለው። አቢሲኒካም ነጻና ውብ ነው፤ ቀጫጭን መስመሮቹ ግን ፎቶ ኮፒ ላይ ይሳሳሉ። እኔ በእጅ የተጻፈውን እመርጣለሁ፤ ፊደሉ ከሥዕሉ ጋር አንድ እጅ ይሆናል።

ጅማ ላይ በአማርኛ ብቻ ማውጣት ግማሹን አንባቢ መተው ነው። ለአፋን ኦሮሞው እትም ፊኛውን ከመጀመሪያው ሰፋ አድርጉት። «አልሄድም» 5 ፊደል ነው፤ «ሂን ዴሙ» በቁቤ ሲጻፍ 8 ይሆናል። ሥዕሉንና ባዶ ፊኛውን ቀለም ቀብታችሁ እርሳሱን ካጠፋችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ኮፒ አድርጉት፣ ከዚያ በዋናው ላይ አንዱን ቋንቋ፣ በኮፒው ላይ ሌላውን ጻፉ። በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ሳያነበው ግን አታባዙት።

5. ማባዛት

እያንዳንዱን ገጽ ወደ 71 በመቶ አሳንሱ፣ ቁረጡ፣ በናሙናው ቁጥር መሠረት ሁለት ሁለቱን ኤ4 ላይ ለጥፉ። 8 ገጽታ (የአንድ ወረቀት አንድ ፊት ማለቴ ነው) ይወጣችኋል። የተለጠፈበት ጠርዝ ጥላ ካወጣ በፍሉድ አጥፉት። ማሽኑ እስከ ጫፍ ስለማያትም ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ። የአንድ ቅጂ ወጪ ቀላል ስሌት ነው፦ የአንድ ገጽታ ዋጋ በ8።

ከሁሉ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ አስወጡና እዚያው አጥፋችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ፎቶ ኮፒ የሚያደርገው ልጅ ቢቸኩልም፣ ሰልፍ ቢኖርም አንብቡ። እኔ ይህን አላደረግሁም። ገጹን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ በፋይል እንጂ በፎቶ አትላኩ፤ በፎቶ ሲሄድ ይጨመቅና ፊደሉ ይደበዝዛል።

6. መስፋት

ተራ ስቴፕለር መሃሉ ድረስ አይደርስም፤ ቢደርስም ሽቦው በእርጥበት ይዝጋል። በክር ስፉት። እጥፋቱ ላይ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ፦ መሃል፣ ላይ፣ ታች። ከውስጥ በመሃሉ ውጡ፣ በላይኛው ግቡ፣ መሃሉን ዘላችሁ በታችኛው ውጡ፣ በመሃሉ ተመለሱና ሁለቱን ጫፍ ረጅሙን ክር በመሃል ይዛችሁ ቋጥሩ። ከዚያ ጠርዙን በማስመሪያና በምላጭ አስተካክሉ።

7. ማዳረስ

ገጽ 16 ላይ ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው መብት ሳይመዘገብም ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ የእናንተ ነው፤ ስማችሁ ከሌለ ግን የማን እንደሆነ ማን ያውቃል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ይበዛል። ከዚያ ውጪ ፀጉር ቤትና ቡና ቤት ጥሩ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያነባል። አንድ ቅጂ የማይሸጥ ብላችሁ በክር አስራችሁ ተዉላቸው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት አንባቢዎች አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ ምንም ሳታስረዱ ዓይናቸውን ተከተሉ። ሁለት ጊዜ የተመለሱበትን ፊኛ በራሳችሁ ቅጂ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ለሁለተኛው ዙር ቀድማችሁ የምታርሙት እሱን ነው።