ሊኑክስ ከርነል ላይ የደኅንነት ሞጁል መጨመር፣ ያሉትን ሳያጠፉ

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ፋይል ሊከፍት ሲል ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) መጀመሪያ የተለመደውን ፈቃድ ያያል። የፋይሉ ባለቤት ማነው? ማንበብ ተፈቅዷል? ይህን ካለፈ በኋላ ደግሞ የደኅንነት ሞጁሎች ተራ በተራ ይጠየቃሉ። አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ኤስኢሊኑክስ፣ አፕአርሞር፣ ያማ፣ ላንድሎክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በጅምላ ኤልኤስኤም ይባላሉ።

ዛሬ የማሳያችሁ ኡቡንቱ 22.04 ሰርቨር ላይ ቢፒኤፍ የተባለውን ሞጁል መጨመር ነው። አንዳንድ የክትትል መሣሪያዎች እሱ ከሌለ አንድን ድርጊት ማየት እንጂ መከልከል አይችሉም። ኡቡንቱ ደግሞ ሞጁሉን በከርነሉ ውስጥ ቢያካትተውም ሲነሳ አያስነሳውም።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን እጽፋለሁ። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ አሁን የሚሠሩትን እዩ። «ሱዶ ካት /ሲስ/ከርነል/ሴኩሪቲ/ኤልኤስኤም» በሉ። ሎክዳውን፣ ካፓቢሊቲ፣ ላንድሎክ፣ ያማ፣ አፕአርሞር የሚል መስመር ይወጣል። ገልብጣችሁ የሆነ ቦታ አስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ ታወዳድሩበታላችሁ።

«ሞጁል» የሚለው ስም ያሳስታል። እንደ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ሲስተሙ እየሠራ በሞድፕሮብ ትዕዛዝ የሚጫን ይመስላል። ከከርነል 2.6.24 ወዲህ ግን እንደዚያ አይሠራም። ሞጁሉ ከርነሉ ሲገነባ አብሮ መገንባት አለበት፤ የሚመረጠውም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡት በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ ብሎ የሚጀምረውንና የከርነላችሁን ቁጥር የያዘውን ፋይል ክፈቱ። «ኮንፊግ_ቢፒኤፍ_ኤልኤስኤም» የሚለው ፊት ለፊት «ዋይ» ካለ ሞጁሉ ውስጡ አለ።

አሁን ዋናው ጣጣ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

ምርጫው ለከርነሉ የሚነገረው «ኤልኤስኤም=» በሚል የማስነሻ መስመር ነው። ይህ መስመር በነበረው ላይ አይጨምርም። የነበረውን ዝርዝር እንዳለ ይተካዋል። ያልጻፋችሁት ሞጁል አይነሳም። ካፓቢሊቲ ብቻ ባይጻፍም ራሱ ይገባል። ሎክዳውንም ቀድሞ እንዲነሳ ተደርጎ ከተገነባ እንዲሁ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። «ኤልኤስኤም=ቢፒኤፍ» ብዬ ጻፍኩና ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩት። የክትትል መሣሪያው ሠራ። ኮንቴይነሮቹም (ዶከር በሚባለው ፕሮግራም ለየብቻ ተነጥለው የሚሠሩት) ሁሉም ተነሱ። ሥራው አለቀ ብዬ ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ የአፕአርሞርን ሁኔታ ስጠይቅ ጭራሽ አልተነሳም። ያማም የለም፣ ላንድሎክም የለም። ዶከር አፕአርሞር ካለ ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱን መከላከያ ፕሮፋይል ያለብሰዋል። ከሌለ ግን ምንም ሳይል ያለሱ ያስነሳዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰዎች መረጃ ያለባቸው ኮንቴይነሮች ያ መከላከያ ሳይኖራቸው ሠርተዋል። አንድም የስህተት መልእክት አልመጣልኝም። ጉዳት ባይደርስም ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ። የምትገለብጡት ግን ቅድም ካስቀመጣችሁት መስመር ላይ አይደለም። ከዚያው ከኮንፊግ ፋይል ውስጥ «ኮንፊግ_ኤልኤስኤም» የሚለውን መስመር ውሰዱ። ምክንያቱም ኢንተግሪቲ የሚባለው በ22.04 ላይ የሚሠሩትን ስታዩ አይታይም፤ ቢሆንም መኖር አለበት። እኔ ዘንድ መስመሩ ላንድሎክ፣ ሎክዳውን፣ ያማ፣ ኢንተግሪቲ፣ አፕአርሞር ይል ነበር። ቅደም ተከተሉን ሳትነኩ መጨረሻው ላይ ቢፒኤፍን ጨምሩ። በመካከል ኮማ ብቻ፣ ክፍት ቦታ የለም። ፊደል አንድ በአንድ አረጋግጡ። ከርነሉ የማያውቀውን ስም ዝም ብሎ ያልፈዋል እንጂ ስህተት ነው አይላችሁም።

ኤስኢሊኑክስንም አብሬ ላስነሳ የሚል ካለ፣ አልመክርም። በዋናው የሊኑክስ ከርነል እሱና አፕአርሞር ባንድ ላይ አይነሱም። በዝርዝሩ ቀድሞ የተጻፈው ቦታውን ይይዛል፣ ሌላው ይቀራል። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ከአፕአርሞር ጋር ቆዩ። ኤስኢሊኑክስን ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ተጠቀሙበት፤ እዚያ ፖሊሲው ተዘጋጅቶ ይመጣል። ድሮ «ሴኩሪቲ=» የሚል መስመር ነበር። አሁንም የሚጽፉት አሉ። «ኤልኤስኤም=» ካለ ግን ከርነሉ አያየውም፤ ተዉት።

መስመሩን ፋይል ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ለአንድ ጊዜ ሞክሩት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉን የሚያስነሳው የግሩብ ሜኑ ሲመጣ «ኢ» ን ተጫኑ። ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ አዲሱን ጽፋችሁ ኮንትሮልና «ኤክስ» ን ተጫኑ። ካበላሻችሁ እንደገና ማስነሳት ነው፤ የተቀመጠ ነገር የለም። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ መጀመሪያ የኮንሶል መግቢያ በእጃችሁ ይኑር። አንዳንዱ መስመሩን ጽፎ «በኋላ ሪስታርት አደርገዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ባልተሞከረ መስመር ይነሳል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ።

ሙከራው ከሠራ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ የሚለውን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ መስመሩን ዲፎልት በሚል የሚያልቀው የግሩብ ሲኤምዲላይን ሊኑክስ ውስጥ አስገቡት። ዲፎልት የሌለውን አልመርጠውም። የሪከቨሪ ሜኑው ዲፎልት ያለውን ስለማይወስድ፣ ነገር ቢበላሽ የምትገቡበት ንጹሕ በር ይቀራችኋል። «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ»፣ ከዚያ ሪስታርት።

ክላውድ ላይ የተከራያችሁት ሰርቨር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። /ኢቲሲ/ዲፎልት ውስጥ ግሩብ ነጥብ ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ክላውድአይኤምጂ የሚል ቃል ያለበት ፋይል ካለ፣ የጻፋችሁትን ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ከተነሳ በኋላ «ካት /ፕሮክ/ሲኤምዲላይን» ብላችሁ መስመሩ በእውነት መድረሱን እዩ።

ከዚያ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ከአዲሱ ጋር አወዳድሩ። የነበሩት ሁሉ መኖር አለባቸው፣ ሲደመር ቢፒኤፍ። የጎደለ ካለ ማስነሻው መስመር ላይ «ኤልኤስኤም.ዲበግ» ጨምራችሁ እንደገና አስነሱና ዲሜሴጅ (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ አንብቡ። ከርነሉ የትኛውን ለምን እንዳለፈው ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ እንዳታቆሙ። ሞጁሉ ተነሳ ማለት ይጠብቃል ማለት አይደለም። «ሱዶ ኤኤ-ስታተስ» በሉና ስንት ፕሮፋይል ኢንፎርስ ላይ፣ ስንቱ ኮምፕሌይን ላይ እንዳለ ቁጠሩ። ኮምፕሌይን ላይ ያለው ይመዘግባል እንጂ አይከለክልም። አዲስ ፕሮፋይል ስትጽፉ እዚያ ጀምሩ፣ ጥቂት ቀን ሎጉን ተከታተሉ፣ ከዚያ በኤኤ-ኢንፎርስ አጥብቁት። ያማን ለማየት ደግሞ /ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ያማ ውስጥ ፒትሬስ_ስኮፕ የሚለውን አንብቡ፤ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ምን ያህል መከታተል እንደሚችል የሚወስነው ቁጥር ነው። ኡቡንቱ ላይ 1 ይላል። 3 ካደረጋችሁት ዳግመኛ እስኪነሳ ድረስ አይወርድም። ፎልደሩ ራሱ ከሌለ ያማ ከዝርዝሩ ወድቋልና ተመለሱ።

የግሩቡን ኮፒ ከርነሉ አንድ ጊዜ እስኪዘምን ድረስ አታጥፉት። አዲሱ ከርነል ሲመጣም «ኮንፊግ_ኤልኤስኤም» ን እንደገና ክፈቱ። በዝርዝሩ ላይ አዲስ ስም ገብቶ ከሆነ፣ እናንተ የጻፋችሁት መስመር እሱን ያስቀረዋል።