አንደርድራይቭ ፑሌጃ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚገጠም

በሞተሩ ፊት ለፊት የሚታየው ቺንጋ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪ ፓምፑንና የኤሲ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በሚወስደው ጉልበት ነው። አንደርድራይቭ የሚባለው አሠራር የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) በማሳነስ ወይም የዕቃዎቹን ፑሌጃ በማተለቅ፣ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት እየሠራ ዕቃዎቹ ከ15 እስከ 25 በመቶ ያነሰ ዙር እንዲያደርጉ ያስችላል። ሐሳቡ በእሽቅድምድም ሜዳ የተለመደ ነው፤ እዚያ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛ ዙር ስለሚሠራ ዕቃዎቹ ከሚያስፈልገው በላይ ይዞራሉ። በከተማ የሚውል መኪና ግን ረጅም ሰዓት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ቆሞ ስለሚያሳልፍ፣ ባለቤቱ ፑሌጃውን ከመግዛቱ በፊት በሚኒሞ ምን ያህል ቢያጣ እንደማይጎዳ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋው ምን ምን እንደሚያዞር መለየት ነው። እንደ ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መኪኖች የመሪ ፓምፕ ስለሌላቸው ከዚያ የሚቆጠብ ነገር የለም። ቢ ሲሪስ በሚባሉት የሆንዳ ሞተሮች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋው ስለሆነ የውጪውን ፑሌጃ መለወጥ ፓምፑን አይነካውም። በ2009 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ደግሞ እንዲህ ያለ ቺንጋ ጭራሹን የለውም።

ቀጥሎ ጥቅሙ ከየትኛው ዕቃ እንደሚመጣ ይመዝኑ። የውሃ ፓምፕ የሚወስደው ጉልበት በግምት በዙሩ ሦስተኛ ኃይል ልክ ስለሚያድግ፣ ዙሩ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚወስደው ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የሚገፋው ውሃ ግን የሚቀንሰው በ20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የመሪ ፓምፕም በከፍተኛ ዙር ትርፍ ዘይቱን በቫልቭ መልሶ ስለሚያዞር ዝግ ቢል የሚቆጠብ ነገር አለው፤ በምትኩ መኪና ሲያቆሙ መሪው ሊከብድ ይችላል። ዲናሞው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። መብራቱና የነዳጅ ፓምፑ የሚፈልጉት ኤሌክትሪክ ያው ስለሆነ፣ ዲናሞው ዝግ ብሎ ሲዞር ያንኑ ኃይል ለመስጠት ይበልጥ ከብዶ ይዞራል፤ የሚተርፈው የራሱ የማቀዝቀዣ ክንፍና የሰበቃ ብክነት ብቻ ነው። ስለዚህ ለአራት ሲሊንደር መኪና ከዚህ ሥራ የሚጠበቀው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፤ እርሱም የሚገኘው ከቀይ መስመሩ (ሞተሩ ከሚፈቀድለት ከፍተኛ ዙር) አቅራቢያ ነው። በነዳጅ ፍጆታ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመዎት እኔ ቢሆን ሌላ ሱቅ እፈልጋለሁ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ራሱ ነው። በየሲሊንደሩ የሚፈጠረው ፍንዳታ ክራንክሻፍቱን በጥቂቱ ይጠመዝዘውና መልሶ ይለቀዋል፤ ይህ መጠምዘዝ በተወሰነ ዙር ላይ ከብረቱ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ሲገጥም እየበረታ ይሄዳል። መሐንዲሶች ንዝረቱን የሚያረግቡት በፑሌጃው ውስጥ በጎማ የታሰረ ከባድ ቀለበት በማስገባት ነው። ፑሌጃውን ከፊት ለፊቱ አጽድተው ሲያዩት በመካከለኛው ብረትና በውጪው ቀለበት መካከል ቀጭን ጥቁር የጎማ መስመር ካለ፣ የያዙት ተራ ፑሌጃ ብቻ ሳይሆን ዳምፐርም ነው። እንደ ኒሳን ቪኪው35 ባሉ ሞተሮች ላይ የሚታየው ይህ ዓይነት ነው። ለእነዚህ ሞተሮች በገበያ የሚቀርበው ቀላል የአሉሚኒየም ፑሌጃ አብዛኛውን ጊዜ ጎማ የለውም። እርሱን መግጠም ሁለት ኪሎ ብረት ለማውረድ ሲባል የክራንክሻፍቱን ጠባቂ መጣል ነው፤ ጉዳቱም በአንድ ቀን የሚታይ ሳይሆን በባንኮኒ (ክራንክሻፍቱ በሚዞርባቸው መቀመጫዎች) እና በዘይት ፓምፑ ጥርሶች ላይ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ሞተሩ ያለ ድምፅ መሥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምክንያቱም ይህ ንዝረት ሞተሩን ከመቀመጫው ላይ ስለማያንቀጠቅጠው በመሪም በወንበርም አይሰማም። በናፍጣ ሞተር ላይ ፍንዳታው የበለጠ ኃይለኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከርም።

ለአንደርድራይቭ የሚመች አሠራር ምን እንደሚመስል ለማየት ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1993 የተሠራው ባለ 5.0 ሊትር ፎርድ ሙስታንግ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ቪ8 ሞተር ላይ ፑሌጃው ከዳምፐሩ የተለየ ዕቃ ሆኖ በአራት ቡሎን ፊቱ ላይ ይታሰራል፤ የሞተሩን ሚዛን የሚጠብቀው ክብደትም በዳምፐሩ ላይ ነው። ስለዚህ ዳምፐሩ ሳይነካ ፑሌጃው ብቻ ይለወጣል። ነገር ግን የራዲያተሩ ቬንትሌተር ከውሃ ፓምፑ ጋር በአንድ ዘንግ ስለሚዞር፣ የፓምፑ ዙር ሲቀንስ የአየሩም ይቀንሳል፤ ይህ በሚኒሞ ለቆመ መኪና ድርብ ጉዳት ነው። የእርስዎ መኪና ዳምፐሩና ፑሌጃው አንድ ላይ የተሠሩበት ከሆነ፣ ክራንክሻፍቱን ትተው የውሃ ፓምፑን ፑሌጃ ብቻ በትልቅ መለወጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንሂድ። በካሊፐር የክራንክሻፍቱንና የዲናሞውን ፑሌጃ ስፋት (ዲያሜትር) ይለኩና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ለምሳሌ 160 ሚሊሜትር ለ58 ሲካፈል 2.76 ይሆናል፤ ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 700 ዙር ሲያደርግ ዲናሞው 1,930 ገደማ ይዞራል ማለት ነው። በ130 ሚሊሜትር ፑሌጃ ሲለወጥ ይህ ወደ 1,570 ይወርዳል። የብዙ ዲናሞዎች ምርት ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ባለው ክፍል ውስጥ በፍጥነት ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው ቅነሳ ብዙ አምፔር ሊወስድ ይችላል። ሁለት የ55 ዋት የፊት መብራቶች 8 አምፔር ያህል ይፈልጋሉ፤ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተርና የመኪናው ውስጥ ማራገቢያ (ነፋስ) ሲጨመሩ ፍላጎቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ስሌቱን በቴስተር ያረጋግጡ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መብራቱ፣ የነፋሱ ከፍተኛ ማርሽና የኋላ መስታወት ማሞቂያው ተከፍተው፣ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ሳለ የባትሪውን ቮልቴጅ በሚኒሞ ይለኩ። ልኬቱ በሙቅ ሞተር የሚደረገው የጋለ ዲናሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ ስለሚያመነጭ ነው። ከ13.5 ቮልት በላይ ካገኙ መጠነኛ ቅነሳ ይቻላል። ከመጀመሪያውም ከ13 በታች ከሆነ ግን ዲናሞውን ሳያስተካክሉ ወደዚህ ሥራ አይግቡ፤ ባትሪው በሠልፍ መካከል ቀስ እያለ ያልቃል።

መፍታቱ አጭር ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፣ የቺንጋውን መንገድ ፎቶ ያንሱ፣ ቴንሽነሩን (የቺንጋውን መወጠሪያ) አላልተው ቺንጋውን ያውጡ። ትልቁን የክራንክሻፍት ቡሎን ቁልፍ አስደግፎ በሞተሪኖ (በሞተሩ ማስነሻ) ማላላት በየጋራዡ የሚታይ አቋራጭ ነው፤ እጅ የሚሰብር ስለሆነ ፑሌጃውን የሚይዝ መሣሪያ ይፈልጉ። ዳምፐር ማውጣት ካስፈለገ ፑለሩ (ስቦ ማውጫው መሣሪያ) በመካከለኛው ብረት ላይ ባሉት ጥርስ ባላቸው ቀዳዳዎች ይታሰር እንጂ የውጪውን ቀለበት አይጎትት፤ ጎማው ይለቃል። በመዶሻም አይመታም። የአየር ሽጉጥ ለመፍታት ጥሩ ቢሆንም ለማጥበቅ አይሆንም፤ ማጥበቂያው ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ነው፣ መጠኑም ከመኪናው መመሪያ ይወሰዳል።

የቺንጋው ርዝመት መቀየሩን ብዙዎች የሚያስታውሱት አሮጌውን መልሰው ሲያስገቡ ነው። ቺንጋው ፑሌጃውን በግማሽ ዙሪያው የሚያቅፍ ከሆነ የስፋቱ በ30 ሚሊሜትር መቀነስ ርዝመቱን በ47 ሚሊሜትር ገደማ ያሳጥረዋል። በቺንጋው ጀርባ 6ፒኬ1230 ተብሎ ከተጻፈ ስድስት ጎድጓዳ መስመርና 1,230 ሚሊሜትር ርዝመት አለው ማለት ስለሆነ፣ መፈለግ ያለበት 6ፒኬ1180 አካባቢ ያለው ነው። ከገጠሙ በኋላ የቴንሽነሩ ምልክት በተፈቀደው ክልል ውስጥ መሆኑን፣ ፑሌጃዎቹም በቀጥታ ብረት ሲለኩ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ።

በመጨረሻ ያንኑ የቮልት ልኬት ይድገሙ፣ የሙቀቱንም ጌጅ በዳገት ላይና ረጅም ሠልፍ ውስጥ ይከታተሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ራዲያተሩ የሚያስወግደው ሙቀት ይቀንሳል፤ ግፊት የሌለበት ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆኑ እዚህ ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። ቮልቱ ከ13 በታች ከወረደ የዲናሞውን ፑሌጃ በ52 ሚሊሜትር መለወጥ ዙሩን በሚኒሞ ወደ 1,750 ይመልሰዋል፤ በ6,500 የሞተር ዙር ላይ ደግሞ ዲናሞው 16,250 ስለሚደርስ፣ ዲናሞው የሚፈቀድለት ከፍተኛ ዙር ከዚህ በላይ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።