ባቡሩን በመንጋጋው ሲነዳ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ኒውሮፊድባክ ለምትሞክሩ ወላጆች

ልጄ ፀጉሩን ሲነኩት አይወድም። ፀጉር ማስተካከል በኛ ቤት የሁለት ሰው ሥራና የግማሽ ቀን ዘመቻ ነበር። ስለዚህ አንዲት ቴራፒስት «ራሱ ላይ ጄል ቀብተን ሽቦ እንለጥፍለትና 30 ደቂቃ ይቀመጣል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። እንቅልፍ አይወስደውም፣ የቤት ሥራ ላይ 5 ደቂቃ አይቆይም፣ ስለ ባቡር ካነሳችሁበት ግን ቀኑ አይበቃውም። ከዚያ ወዲህ 32 ጊዜ ተቀምጧል። ሐኪም አይደለሁም፤ እንጀራዬ የድምፅ መሣሪያ ጥገና ነው። ሽቦና ጫጫታ ግን አውቃለሁ፤ ይህ ሕክምና ደግሞ ከሁለቱም ብዙ አለው።

መጀመሪያ መሣሪያው የሚሠራውን እወቁ። ኒውሮፊድባክ ወደ አንጎል ኤሌክትሪክ አይልክም፤ ያነባል እንጂ። ራስ ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች የሚይዙት ምልክት ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። ከማይክሮፎን የሚወጣው ደካማ ምልክት እንኳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጎርፍ ነው። ኮምፒውተሩ ምልክቱን በፍጥነቱ ይለያየዋል፦ ቴታ የሚባለው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ነው፣ አልፋ ከ8 እስከ 12፣ ቤታ ከ13 በላይ። ሞገዱ ወደተፈለገበት ሲሄድ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊልም ይደምቃል፤ ሲያፈነግጥ ይደበዝዛል። አንጎል ሽልማቱን እየተከተለ ራሱን መግራት ይማራል ነው ሐሳቡ። «ትንሽ ኤሌክትሪክ እንሰጠዋለን» ወይም «ማግኔት እናደርግለታለን» የሚላችሁ ካለ የሚያወራው ስለ ሌላ ሕክምና ነው፤ አደጋውም ሌላ ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። የሰውን የአንጎል ሞገድ መጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሃንስ በርገር ነው፣ በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ባሪ ስተርማን ድመቶችን በምግብ እየሸለመ በሰከንድ ከ12 እስከ 15 ጊዜ የሚመላለሰውን ሞገድ እንዲያበዙ አሠለጠነ። በኋላ እነዚያው ድመቶች የሮኬት ነዳጅ የሚያስከትለውን የሚጥል ሕመም ከሌሎቹ ይልቅ ተቋቋሙ። ይህን ሳነብ «ድመት የቻለችው ልጄን አያቅተውም» ብዬ ተጽናናሁ። የኔው ግን በምግብ የሚታለል አልሆነም፤ ስክሪኑ ላይ የባቡር ፊልም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ለንግግርና ለቋንቋ ችግራቸው ኒውሮፊድባክ እንዳይሰጣቸው ይላል። በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። ከሠለጠኑት ግማሽ ያህሉ ሞገዳቸውን በእርግጥ መለወጥ ችለዋል፤ የኦቲዝም ምልክቶቻቸው ግን አልቀነሱም። የታየው መሻሻል ከአንድ ነገር ወደ ሌላ በሐሳብ የመዞር ችሎታ ላይ ነው። በ2021 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የትኩረት ችግር ባለባቸው ከ7 እስከ 10 ዓመት ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ከፊሎቹ እውነተኛውን ሥልጠና፣ የቀሩት የማስመሰያውን ተቀመጡ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ልጆቹም ወላጆቹም አያውቁም። ሁለቱም ወገን ተሻሻለ፣ እውነተኛው ግን ከማስመሰያው አልበለጠም። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ደግ ሰው አጠገብ ተረጋግቶ መቀመጥ፣ መመስገን፣ ወላጅ ተስፋ ማድረጉ፣ እነዚህ ራሳቸው ልጅ ይለውጣሉ።

ታዲያ ለምን ገባሁበት? የምፈልገው ትኩረትና እንቅልፍ ነበር፣ ልጁ ራሱ ወደደው፣ ገንዘቡ ቢባክንም ቤታችን አይናጋም። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አልጀምርም ነበር። የንግግር ሥልጠናውን ወይም የትምህርት ቤት ድጋፉን አቋርጣችሁ በዚህ ለመተካት ካሰባችሁ ግን አታድርጉት።

ቦታ ስትመርጡ ሥዕል አያታልላችሁ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ 20 ደቂቃ መዝግበው የአንጎል ካርታ አወጡልን፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሰውዬው ቀዩ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ኦቲዝሙ እዚህ ነው» አለኝ። ኦቲዝም በካርታ አይመረመርም፤ የልጁን ጠባይና የዕድገት ታሪኩን አይቶ ነው ባለሙያ የሚለየው። ለ60 ጊዜ ቀድማችሁ ክፈሉ ሲለኝ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛዋ ባለሙያ የሥነ ልቦና ፈቃዷንና ቢሲአይኤ ከሚባለው የባዮፊድባክ ማረጋገጫ ድርጅት ያገኘችውን ምስክር ወረቀት አሳየችን። «ኦቲዝሙን አላድንም» አለች። ጥሬውን ሞገድ ማየት እፈልጋለሁ ስላት ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ይህን የሚከለክላችሁ ቦታ ዳግም አትመለሱበት።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ይበዛል። ልጃችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ወድቆ፣ ወይም ሲጠሩት ሳይሰማ ለጊዜው ፈዝዞ የሚያውቅ ከሆነ ከምንም በፊት የነርቭ ሐኪም ይየው። የታዘዘለትን መድኃኒት ቴራፒስትም ሆነ እናንተ በራሳችሁ አትቀንሱ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው። ከቴራፒስቷ አሮጌ የኤሌክትሮድ ኮፍያ፣ የጆሮ ቆንጣጭና ትንሽ ጄል ለምኜ ወሰድኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ኮፍያ ብቻ ነበር፣ ያውም የራሱ የዋና ኮፍያ። 10 ሰከንድ ያደርጋል፣ ድምፄን አውጥቼ እቆጥራለሁ፣ 10 ስል እሱ ራሱ ያወልቃል። እኔ አላወልቅለትም፤ ማብቂያው በእጁ መሆኑን ማወቅ አለበት። በየቀኑ ጥቂት ሰከንድ እየጨመርን ሳምንቱ ሲያልቅ 4 ደቂቃ ደረስን። ከዚያ ወደ ኤሌክትሮዱ ኮፍያ፣ ቀጥሎም ወደ ጆሮ ቆንጣጩ ዞርን፤ መጀመሪያ ጣቱ ላይ፣ ከዚያ የጆሮው ጫፍ ላይ።

ጄሉ ከሁሉ የባሰ ነበር። ቀዝቃዛ ነው፣ ያጣብቃል። ከሱ በፊት ቆዳን ለማጽዳት የሚቀቡት ደግሞ አሸዋ አሸዋ ይላል። ዕቅዴ የእጁ ጀርባ፣ አንጓው፣ አንገቱ፣ በመጨረሻ ፀጉሩ ነበር። ሁለቱ ቀን በሰላም ሲያልፍ ጊዜ የማተርፍ መስሎኝ አንገቱን ዘልዬ ፀጉሩ ላይ ቀባሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፦ አምስት ቀን ሙሉ ኮፍያውን እንኳ አላስቀርብም አለኝ። ከእጁ ጀርባ እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ዙር ጄሉን መዳፌ ውስጥ አሙቄ፣ እርጥብ ፎጣ በእጁ አስይዤ፣ ሲፈልግ ራሱ እንዲጠርገው ነገርኩት። ፎጣውን ከያዘ በኋላ ያለመጥረጉ አስገረመኝ።

ቦታውንም አለማምዱት። በሩን፣ ወንበሩን፣ ስክሪኑን፣ የእጅ መታጠቢያውን ፎቶ አንስቼ በተራ ደረደርኩለት። በመጀመሪያው ቀን ሽቦ የለም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባቡር አይቶ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሽቦው የተለጠፈው እኔ ራስ ላይ ነው። ዐይኔን ስጨፍን ስገልጥ ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ዘሎ ሲወጣ አይቶ «አባዬ፣ እንደገና!» እያለ ሃያ ጊዜ አስጠቀሰኝ። በሦስተኛው ቀን ተራው የሱ ሆነ።

የቀጠሮው ዕለት ነገር ብዙ አይደለም። ማታ ፀጉሩን ይታጠብ፣ ቅባት አይነካው። በልቶ ይሂድ፣ ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። የሚያብለጨልጭ መብራት ካለ አስጠፉ። እንቅልፍ ባጣበት ማግስት ሰርዙት፤ የደከመ አንጎል ሞገዱ ሌላ ነው፣ ልጁም ሌላ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ነጥብ ግን አትመኑ። በስድስተኛው ቀን የልጄ ነጥብ ድንገት ተመነጠቀ። ቴራፒስቷ ደስ አላት፣ እኔ ጥሬውን ሞገድ አየሁ። ወፍራምና ጭራሮ የመሰለ፣ በኛ ሙያ «ጫጫታ» የምንለው ነበር። ዞሬ ፊቱን ሳይ መንጋጋው ግጥም ብሏል። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ እጅግ ይበረታል፤ ጥርስ ሲነከስ ቤታው ከፍ ያለ ይመስላል፣ ኮምፒውተሩም ይሸልማል። ልጄ ባቡሩን በመንጋጋው ነበር የሚነዳው። ቴራፒስቷ የጡንቻ ምልክት ሲበዛ ሽልማቱን የሚያቆመውን ገደብ አጠበቀችው፣ ነጥቡም ወደ ቦታው ወረደ። እንዲህ ማድረግ እንደሌለበት ላስረዳው ብሞክር «ግን እኮ ይሠራል» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ስትቀመጡ ከስክሪኑ ይልቅ ፊቱን፣ ግንባሩን፣ ትከሻውን እዩ።

ማስታወሻ ደብተር ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። «ተረጋግቷል»፣ «ዛሬ ደህና ነው» አትጻፉ፤ የሚቆጠር ነገር ጻፉ። እኔ ሁለት ያዝኩ፦ መብራት ጠፍቶ እስኪተኛ ስንት ደቂቃ፣ የቤት ሥራ ላይ ሳይነሳ ስንት ደቂቃ። አስተማሪው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ትኩረቱ ከ10 ነጥብ እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ ሕክምና መጀመራችንን ግን ሆን ብዬ አልነገርኩትም። በአሥረኛው ሳምንት እኔ 8 ስሰጥ እሱ የሰጠው 5 ነው፣ መጀመሪያ ከሰጠው በአንድ የሚበልጥ። ከሁለታችን የማምነው እሱን ነው። እንቅልፉ ከ70 ደቂቃ ወደ 40 ወረደ፤ ግን በአራተኛው ሳምንት ታብሌቱን ከመኝታ ክፍሉ አውጥቼ ነበር፣ ስለዚህ ለሽቦው ብቻ አልመዘግብለትም። እናንተ ይህን አትድገሙ፤ በሚሞከርበት ጊዜ ሌላ ነገር አትለውጡ። የቤት ሥራው ከ5 ወደ 11 ደቂቃ ሄዷል።

ከቀጠሮ በኋላ ድካም፣ ራስ ምታት፣ መነጫነጭ ያጋጥማል። በማግስቱ ካልለቀቀው ተናገሩ፣ ሥልጠናው ይቀየር። መፍዘዝ ወይም መንዘፍዘፍ ካያችሁ አቁሙና ወደ ሐኪም። ከ15 እስከ 20 ጊዜ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ «ትንሽ ይጨመር» የሚለውን አትስሙ። ግብ ሲወጣም ንቁ፦ አንድ ረዳት «እጁን ማርገብገቡን እናጠፋለታለን» ብሎኝ ነበር። አይጠፋም አልኩት። ደስ ሲለው እጁ ይርገበገባል፤ ማንን ጎዳ?

ልጁ የማቆም መብት ይኑረው። ለኔው ቀይ ካርድ ሰጠሁት፤ ካነሳው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሽቦው ይወልቃል። ሦስት ጊዜ አነሳው፣ የመጀመሪያው ለሙከራ መሆኑን ከፈገግታው ገብቶኛል። ያን ቀን ብንለማመጠው ኖሮ ካርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። በ32ኛው ቀን ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አልቋል» አለ። አበቃን።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን አውጥቼ ሁለት ሳምንት እንደገና ለካሁ፤ እናንተም ይህን አትዝለሉት። እንቅልፍ 45 ደቂቃ፣ የቤት ሥራ 10። እና ደብተሩ ላይ ቦታ ያልነበረው አንድ ነገር፦ ፀጉር ማስተካከል፣ አንድ ሰው፣ 20 ደቂቃ፣ ፎጣውን በእጁ ይዞ። ይኼኛው የሞገዱ ሥራ አይመስለኝም፤ የዋናው ኮፍያ ነው።