ስፖርት መኪናን ለክረምት ስናቆም የምንሠራቸው ስህተቶች

ብርዱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። የምሰማው ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። መኪናዋ ስትቆም ደህና ነበረች፣ አሁን ግን አልነሳም አለች። ወይም ተነስታ ትንቀጠቀጣለች፤ ወይም ፍሬኗ ይዞ አልለቅም ብሏል። (ክረምት ስል የበረዶውን ጊዜ፣ መንገድ ላይ ጨው የሚበተንበትን ወራት ማለቴ ነው።) አራት አምስት ወር የቆመች መኪና ዝም ብላ የምትጠብቅ ትመስላለች እንጂ ብዙ ነገር ይለወጥባታል። ባትሪው ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ያረጃል፣ እርጥበት ብረቱን ይበላል፣ ጎማው ባረፈበት በኩል ይጠፈጠፋል። አብዛኛውን በአንድ ቅዳሜ ሥራ መከላከል ይቻላል።

በየሳምንቱ እያስነሱ ማሞቅ

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያደርጉት መኪናቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ በየእሑዱ ጋራዥ ይገባል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ አሥር ደቂቃ ድምፁን ሰምቶ ያጠፋል። ለምን ስለው “ዘይቱ እንዲዘዋወር፣ ባትሪው እንዲሞላ” ይለኛል።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። መኪናዋ ረጅም መንገድ ስትሄድ ጭስ ማውጫው ስለሚግል እንፋሎቱ ተጠራርጎ ይወጣል። በቀዝቃዛ ጋራዥ ቆማ አሥር ደቂቃ ስትሠራ ግን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ስለማይግል እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ይጨመርበታል። ከጭሱ የተወሰነው ደግሞ በፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ባለው ቀለበት) በኩል ሾልኮ ከነእርጥበቱ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚረጨው በብዛት ነው፤ ሳይቃጠል የቀረው የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ውሃውና ቤንዚኑ ተንነው እንዲወጡ ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ደርሶ እዚያ መቆየት አለበት። ቆማ በምትሠራ መኪና ላይ የውሃው ጌጅ መሃል ሲደርስ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ነው። ብዙ ሰው ጌጁን አይቶ “ሞቃለች” ብሎ ያጠፋል።

ባትሪውም ቢሆን አይጠቀምም። ዲናሞው በአሥር ደቂቃ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ለማስነሳት የወጣውን ቢመልስ እንኳ በሳምንቱ ውስጥ የፈሰሰውን አይተካም።

አንድ ደንበኛዬ ሁለት ክረምት ሙሉ ይህን በታማኝነት ሲያደርግ ቆይቶ መኪናውን አመጣልኝ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ውስጡ ቡና በወተት የመሰለ ዝቃጭ ተለጥፎበታል። ማርሚታውን አውርደን ስናዘነብለው ውሃ ተንቆረቆረ፤ ከታች በኩል ደግሞ ዝጎ ተበስቷል። ሰውየው በጣም አዘነ፤ እኔም አብሬው አዘንኩ፤ ምክንያቱም ጀማሪ መካኒክ ሳለሁ የመጀመሪያ መኪናዬን ማርሚታ ያበሰበስኩት እንዲሁ ነው። የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውየው የሚያንቀላፋ እየመሰለው ይወድቃል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። መንገዱ ደረቅና ከጨው የጸዳ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ብርዱም ለጎማችሁ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዷት፤ ዘይቱ በደንብ ይሙቅ። ካልሆነ ተዉዋት፣ ትተኛ። ግማሽ እንቅልፍ ግማሽ ንቃት ነው የሚጎዳት።

ባትሪውን ለዕድል መተው

የዛሬ መኪና ተዘግታም ኤሌክትሪክ ትበላለች፤ ማንቂያው፣ የቁልፍ መቀበያው፣ ኮምፒውተሮቹ አይተኙም። 50 ሚሊ አምፒር ብቻ ብትወስድ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ነው፤ 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ25 ቀን ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ባዶ ሆኖ የቆየ የእርሳስ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርባቸዋል፣ ተመልሶም ሙሉ አይሆንም። ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ ነው። የተሞላ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ በረዶ አይሆንም፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሊጋገርና ሳጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል።

መፍትሔው እየለካ የሚሞላ፣ ሲሞላም ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ነው። ተሰክቶ ይክረም። ያለማቋረጥ የሚገፋ የድሮ ቻርጀር ግን ለወራት አይተውም፤ የባትሪውን ውሃ አፍልቶ ያደርቀዋል። ባትሪያችሁ ሊቲየም ከሆነ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ግዙ፤ የእርሳስ ቻርጀር አትሰኩበት።

መብራት በሌለበት ቦታ ስታቆሙ ባትሪውን መንቀል ደህና ነው፤ ከመንቀላችሁ በፊት ግን ኮፈኑ በምን እንደሚከፈት እወቁ። ሞተራቸው መሃል ወይም ከኋላ በሆነ ብዙ መኪናዎች ባትሪው ከፊት ኮፈን ሥር ነው፣ የኮፈኑ ቁልፍ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ባትሪውን ነቅሎ ኮፈኑን ጠርቅሞ የዘጋ ሰው ራሱን ውጭ ቆለፈ። በአንዳንድ ፖርሸዎች ከፊውዝ ሳጥኑ የሚጎተት ጫፍ አለ፤ በእሱ በኩል ከውጭ ባትሪ ኃይል ሰጥቶ መክፈት ይቻላል። ይህን ግን በብርድ ጋራዥ፣ በባትሪ መብራት፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ቤት ተረስቶ ሳለ መማር ከባድ ነው። በራቸው የመስታወት ፍሬም የሌለው መኪናዎችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ በሩ ሲከፈት መስታወቱ ትንሽ ዝቅ የሚለው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ሞቶ በሩን በኃይል ስትጎትቱ መስታወቱ ከጎሚኒው ጋር ይታገላል። ከመንቀላችሁ በፊት መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል አውርዱት።

አቧራዋን ሳያጥቡ፣ በላስቲክ ሸፍኖ መተው

ሰው መኪናውን ሲሸፍን ጥሩ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ላስቲክ ሸራ ግን እርጥበት ያፍናል፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል፣ ቀለሙም ሽበት ያወጣል። የሚተነፍስ የጨርቅ ልብስ ይሻላል፤ እሱም በታጠበችና በደረቀች መኪና ላይ ብቻ። አቧራ ላይ የለበሰ ጨርቅ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። የወፍ ኩስ ሳይነሳ የከረመበት ቀለም ደግሞ ፖሊሽ አይመልሰውም።

ስታጥቡ ሆዷን አትርሱ፤ የጭቃ መከላከያዎቹን ውስጥ፣ የቸርኬዎቹን ጀርባ ጨምሩ። ጨው በአንድ ቀን ጉዞ ብቻ ይገባል። ከታጠበች በኋላ ወዲያው አታቁሟት፤ ፍሬኑ እስኪደርቅ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ንዷት። እርጥብ ዲስክ ላይ የተኛ የፍሬን ሸራ ከዲስኩ ጋር በዝገት ይጣበቃል።

እዚህ ላይ የእጅ ፍሬኑን ላንሳ፦ አትሳቡት። ታኮ በጎማው ፊትና ኋላ አድርጉ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉዋት። ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ስትጠፋ ራሱ ሊይዝ ይችላል፤ እንዴት ለቆ እንደሚቆም መጽሐፉ ይናገራል።

ቦታውም ከልብሱ ያላነሰ ነው። ሙቅና እርጥብ ጋራዥ ከቀዝቃዛና ደረቅ ጋራዥ ይከፋል። አየሩ ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ሲይዝ ዝገት በግልጽ ይፈጥናል፤ 50 በመቶ አካባቢ ከያዛችሁት ቆዳውም ብረቱም ደህና ነው። ከሲሚንቶው ወለል የሚነሳውን እርጥበት ለመከላከል ወፍራም ላስቲክ አንጥፋችሁ ላዩ ላይ አቁሟት፤ ላስቲክ ከሥር ሲሆን ጠቃሚ ነው። እርጥበት መጣጭ ከረጢት መኪናው ውስጥ ስታስቀምጡ ሲሊካ ጄል ይሁን። ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ዓይነት ውሃውን ሰብስቦ ጨዋማ ፈሳሽ ይሆናል፤ ምንጣፍ ላይ የተደፋበት መኪና አጋጥሞኛል፤ ከወንበሩ ሥር ያሉት የሽቦ መያያዣዎች አረንጓዴ ሆነው ነበር።

በበጋ የተጨመረ ውሃ

ስለዚህ ትንሽ እናገራለሁ፤ ዋጋው ግን ሞተር ነው። በሙቀቱ ወራት ራዲያተሩ ሲጎድል ሰው ንጹሕ ውሃ ይጨምርበታል፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በረዶ እንዳይሆን የሚከላከለው ፈሳሽ እየሳሳ ይሄዳል። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ መከላከያ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይችላል፤ ውሃ ብቻ ግን በዜሮ ይረጋል፣ ሲረጋም መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ቴስታታም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ራዲያተርም ይሰነጥቃል። መለኪያው ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው። ቱርቦ ያላቸው አንዳንዶቹ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ለማቀዝቀዝ የተለየ የውሃ ዑደት አላቸው፤ እሱም ይለካ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃም አብራችሁ ቀይሩት።

ዘይቱን “በኋላ እቀይራለሁ” ማለት

የሠራበት ዘይት አሲድና እርጥበት ይዟል፤ ይህ ለወራት በኩሽኔታዎቹ (የሞተሩ ዘንጎች በሚሽከረከሩባቸው ክፍሎች) ላይ ተኝቶ እንዲከርም ለምን ትፈልጋላችሁ? ከመቆሟ በፊት ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ ከዚያም ጥቂት ነድታችሁ አዲሱ ዘይት ሁሉንም ቦታ ያዳርስ። የፍሬን ዘይትም እርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት ከሞላው አብሮ ይለወጥ።

ቤንዚኑን እስከ አፉ ሙሉት፣ ቤንዚኑ እንዳያረጅ የሚያደርገውን ማረጋጊያ ጨምሩበት፣ ከዚያ ንዱ፤ ማረጋጊያው ታንኩ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ቤንዚን የሚረጩት ኖዝሎች አሮጌ ቤንዚን ይዘው ከከረሙ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ውሃ ይስባል፤ ሲበዛበት ውሃውና አልኮሉ ተለይተው ከታች ይዘቅጣሉ። ታንኩ ሲሞላ የሚገባው እርጥብ አየር ያንሳል።

ጎማና ካቫሌቶ

መኪናዋን አራቱንም ጎማ አንስተው በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) የሚሰቅሉ አሉ። ሐሳቡ ደህና ነው፤ የሚያበላሹት ቦዲውን ብቻ ደግፈው እግሮቿን ወደ ታች ሲያንጠለጥሉ ነው። የእግሮቹ ጎሚኒዎች ተጠማዝዘው ይከርማሉ፣ የአሞርቲዛተሩ (የንዝረት ማብረጃው) ዘንግም ራቁቱን ለዝገት ይጋለጣል። ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው ጎማውን ወደ 3 ባር መንፋት ነው፤ በጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ስፖርት መኪኖች ላይ የሚገጠመው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፣ መያዝም ያቆማል። ለውድድር የቀረቡት ዓይነቶች ደግሞ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መስታወት ይሆናሉ። በዚህ ብርድ መኪናዋን “ትንሽ ወደዚያ ልጠጋት” ብሎ መግፋት እንኳ ላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

አይጥ

አየር ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን አፍ በብረት ሱፍ ድፈኑ። አይጥ የአየር ፊልትሮ ሳጥን ውስጥ ጎጆ ሠርታ፣ የሽቦ ልባስ ስትበላ ከርማ የተገኘችበት መኪና ሽቦ ለመጠገን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከኋላ ወንበር የወደቀ ብስኩት ጭምር አውጡ።

ሸራ ጣሪያ ያላት መኪና ጣሪያዋ ተዘርግቶ ትቁም፤ ታጥፎ የከረመ ሸራ፣ በተለይ እርጥብ ከነበረ፣ ይሻግታል።

የመጨረሻው ስህተት ያደረጉትን አለመጻፍ ነው። መሪው ላይ አንድ ወረቀት እሰሩ፦ “ማርሚታና አየር ማስገቢያ ተደፍነዋል፤ ባትሪ ተነቅሏል፤ ጎማ 3 ባር ነው፤ ታኮ አለ።” እኔ አንድ ዓመት ሳልጽፍ ቀርቼ የብረት ሱፉን ረስቼ አስነሳሁ፤ ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ፣ ግማሽ ቀን የቤንዚን ፖምፓ ስመረምር ዋልኩ። ወረቀቱን እያነበባችሁ አንድ በአንድ ፍቱ፣ የጎማውን ነፋስ ወደ ቦታው መልሱ፣ የፍሬን ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ረግጣችሁ መጠንከሩን እዩ፣ የጋራዡን በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ያኔ ቁልፉን አዙሩ።