ሊስት ውስጥ ያለ ሊስት ሲጣራ፦ ችግርና መፍትሄ

የሦስት ሳምንት ወጪዬን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መዝግቤያለሁ እንበል። ለየሳምንቱ አንድ ሊስት (ዝርዝር)፣ ሁሉም በአንድ ትልቅ ሊስት ውስጥ፦

ወጪ = [[120, 650, 80], [300, 90], [1200, 40, 700]]

ከ500 ብር በላይ የሆኑትን ብቻ መለየት እፈልጋለሁ። መምጣት ያለበት [[650], [], [1200, 700]] ነው።

ከታች ፎር፣ ኢን፣ ኢፍ፣ ኤንድ፣ ኤኒ፣ ኦል የምላቸውን እናንተ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። «ወጪ»፣ «ሳምንት»፣ «ብር» ግን እንዳሉ ይቆዩ። ፓይተን 3 ፊደላችንን በቫሪያብል (መረጃ በሚያዝበት) ስምነት ይቀበላል፤ ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ።

ታይፕኤረር (የመረጃ ዓይነት ስህተት) መጣ

የተጻፈው ይህ ነው፦

[ብር ፎር ብር ኢን ወጪ ኢፍ ብር > 500]

ስሙ ብር ይሁን እንጂ እጃችን የገባው የሳምንቱ ሊስት በሙሉ ነው። ሊስት ደግሞ ከቁጥር ጋር በ«>» አይወዳደርም። ድሮ በፓይተን 2 ኤረር እንኳን አይወጣም ነበር፤ ሊስት ሁሌም ከቁጥር ይበልጣል ብሎ ሁሉንም ያሳልፍ ነበር። ስለዚህ ኤረሩን አመስግኑት። አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ግቡ፦

[[ብር ፎር ብር ኢን ሳምንት ኢፍ ብር > 500] ፎር ሳምንት ኢን ወጪ]

ሳምንቶቹ ተደባለቁ

[650, 1200, 700] ከወጣ የውስጠኛው ቅንፍ ተረስቷል። ድምር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ እንዲያውም ይሻላል። ግን በአንድ ቅንፍ ሲጻፍ የትልቁ ሊስት ፎር ይቀድማል፦

[ብር ፎር ሳምንት ኢን ወጪ ፎር ብር ኢን ሳምንት ኢፍ ብር > 500]

ካቀያየራችሁት «ሳምንት» ገና ስላልታወቀ ኔምኤረር (የስም ስህተት) ይመጣል። ቀደም ሲል በተራ ሉፕ (ሊስቱን አንድ በአንድ በሚዞር ፎር) «ሳምንት» የሚል ስም ተጠቅማችሁ ከነበረማ ኤረሩም ይቀራል፤ የመጨረሻውን ሳምንት እየደጋገመ ይሰጣችኋል።

አንድ ቁጥር ሳይጠፋ ቀረ

ክፉው ይሄኛው ነው። ኤረር የለም፤ ውጤቱ ግን [[650], [90], [1200, 700]] ነው። 90 ምን ይሠራል እዚህ?

በሉፕ እየዞርን ከ500 የማይበልጡትን ከዚያው ሊስት ላይ በሪሙቭ (ማጥፊያው ትዕዛዝ) ስናጠፋ ነበር። ሉፕ የሚከተለው ቦታን እንጂ ቁጥርን አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ቦታ 0 ላይ (ፓይተን ቦታ የሚቆጥረው ከ0 ጀምሮ ነው) 300ን አገኘና አጠፋው። ወዲያው 90 ተንሸራቶ ቦታ 0 ላይ ተቀመጠ። ሉፑ ግን ወደ ቦታ 1 አልፏል። እዚያ ምንም የለም፤ በቃ፣ ጨረሰ።

ታዲያ የመጀመሪያው ሳምንት ለምን ትክክል ሆነ? ዕድል ነው። 120 ሲጠፋ የተዘለለው 650 ነበር፤ እሱ ድሮውንም መቅረት ያለበት ነው። የሚጠፉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እስኪመጡ ድረስ ኮዱ ጤነኛ ይመስላል። እኔም በሦስት ቁጥር ሞክሬ «ይሠራል» ብዬ ያለፍኩበት ጊዜ አለ።

ከላይ እንዳየነው አዲስ ሊስት ሥሩ። የግድ የድሮው ሊስት ራሱ መቀየር ካለበት፣ «ወጪ»ን ሳምንት በሳምንት በሚዞረው ሉፕ ውስጥ እንዲህ በሉ፦

ሳምንት[:] = [ብር ፎር ብር ኢን ሳምንት ኢፍ ብር > 500]

«[:]» ከተረሳ ስሙ ብቻ ወደ አዲስ ሊስት ይዞራል፤ «ወጪ» እንደነበረ ይቀራል።

ባዶ ሊስት መሃል ላይ ተቀመጠ

ይህ ችግር አይደለም። ቢሆንም ማስወገድ ከፈለጋችሁ ውጤቱን «የተጣራ» በሉትና [ሳምንት ፎር ሳምንት ኢን የተጣራ ኢፍ ሳምንት] ጻፉ። ባዶ ሊስት እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር ይወድቃል። እኔ ግን እተወዋለሁ። ባዶው ከወጣ ሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ቦታ ይይዛል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ሙሉውን ሳምንት ፈልጌ ቁርጥራጭ መጣ

ትልቅ ወጪ ያለበትን ሳምንት እንዳለ ለማምጣት ኮንዲሽኑ (ከኢፍ ቀጥሎ ያለው) በኤኒ ይሁን፤ ኤኒ አንዱ እንኳን ካሟላ እውነት ይላል፦

[ሳምንት ፎር ሳምንት ኢን ወጪ ኢፍ ኤኒ(ብር > 500 ፎር ብር ኢን ሳምንት)]

ሁሉም ወጪ ከ500 በላይ ይሁን ካላችሁ ኤኒን በኦል ቀይሩት። ኦል ግን ባዶ ሊስትን እውነት ይለዋል። ሰባራ ሳንቲም ያልወጣበት ሳምንት ከትላልቆቹ ጋር ተሰልፎ እንዳይመጣ ከፊቱ «ሳምንት ኤንድ» ጨምሩበት።