ከፖሙ የሰረዝኳት ዲፔንደንሲ አልጠፋ ስትለኝ

ግማሽ ቀኔን በላችው። ላይብረሪዬን ፐብሊሽ ሳደርግ፣ ለኮምፓይል ብቻ የምትፈለግ አንዲት ዲፔንደንሲ (ላይብረሪዬ የሚጠቀምባት ሌላ ላይብረሪ) ግሬድል የሚባለው የቢልድ መሣሪያ ከሚያመነጨው ፖም ፋይል፣ ማለትም ዲፔንደንሲዎችን ከሚዘረዝረው የኤክስኤምኤል ፋይል፣ እንድትወጣ ፈልጌ ፖሙን በሚያርመው ዊዝኤክስኤምኤል ቆርጬ ጣልኳት። ቢልድ ፎልደር ገብቼ ፖሙን ከፍቼ አየሁ፤ የለችም። ላይብረሪውን የሚጠቀመው ሌላው ፕሮጀክቴ ግን አሁንም ያወርዳታል! ካሽ አጠፋሁ፣ ቨርዥን ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች።

ለካ ግሬድል ከ6.0 ጀምሮ ከፖሙ ጎን ዲፔንደንሲዎቹን የሚዘረዝር ሞጁል የሚባል የጄሰን ፋይልም ያወጣል፤ ተጠቃሚው ራሱ ግሬድል ከሆነ ደግሞ የሚያምነው እሱን ነው፣ ዊዝኤክስኤምኤል ደግሞ እሱን ንክች አያደርገውም።

መፍትሔው አንድ ቃል ነበር። ቢልድ ፋይሌ ላይ ዲፔንደንሲዋን ሳስገባ ኢምፕሊመንቴሽን ያልኩትን ኮምፓይልኦንሊ (ለኮምፓይል ብቻ) አደረግኩት፣ ከሁለቱም ፋይል ጠፋች። ሞጁሉን እንዳይወጣ ማድረግም ይቻላል፣ እኔ ግን አልወደድኩትም። የላይብረሪውን ስም፣ መግለጫና ላይሰንስ ግን አሁንም ቢልድ ፋይሉ ላይ ባለው ፖም ብሎክ ውስጥ ነው የምሞላው።