ከተሳቢ ጎን ስትነዱ

መስቀል አደባባይ ላይ አፍንጫ አስገብቶ መንገድ መንጠቅ ይሠራል። ሁሉም ቀስ እያለ ስለሆነ ፍሬን ይያዝላችኋል፣ ቢበዛ ትሰደባላችሁ። ይህንኑ ልማድ ይዛችሁ በጎተራ፣ በቃሊቲ አድርጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ስትገቡ ግን አጠገባችሁ ያለው ሌላ ቪትዝ ሳይሆን አሸዋ የጫነ ሲኖ ወይም ጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ ነው። እሱ ቢፈልግም ቶሎ አይቆምላችሁም።

የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በአየር ነው። ሹፌሩ ከረገጠ በኋላ አየሩ ጎማዎቹ ጋ እስኪደርስ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ደግሞ ጭነቱ ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከፊቱ የተወውን ክፍተት ባዶ ቦታ አገኘን ብላችሁ አትግቡበት፤ መቆሚያው ነው። ቀድማችሁት ስትመለሱ ሙሉ ግንባሩ በውስጥ ስፖኪዮ እስኪታያችሁ ጠብቁ፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ ግቡ። ገብታችሁ ፍጥነት መቀነስ የለም!

ከኋላው ከሆናችሁ ደግሞ ስፖኪዮዎቹን ፈልጉ። እናንተ ካላያችኋቸው እሱም አያያችሁም። ርቀቱን በ3 ሰከንድ ለኩት፣ እሱ ያለፈበት ቦታ እናንተ ከ3 ሰከንድ በኋላ ድረሱ፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 67 ሜትር ይሆናል። ብዙ ይመስላል፣ አይደለም። ዝናብ ካለ ጨምሩ።

ሜክሲኮም ሆነ ለገሃር፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ተሳቢ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ይላል። መንገድ ለቀቀልኝ ብላችሁ በቀኙ አትሹለኩ። የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሹፌሩ የተቀመጠው በግራ ስለሆነ በቀኝ በሩ ሥር የገባች ትንሽ መኪና ጭራሽ አትታየውም።

ማታ እኔን የሚያስፈራኝ የሚሄደው ሳይሆን የቆመው ነው። ተሳቢ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በአንጸባራቂ ፈንታ ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል። አስፋልት ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ካያችሁ ንፋስ የጣለው ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ እዚያው መንገድ ላይ የሚቀርበት ነገር ደግሞ በጣም ያናድዳል።

የተበላሸው የእናንተ መኪና ከሆነ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ መካኒክ አትጠብቁ፤ ሁላችሁም ወርዳችሁ ከብረት አጥሩ ወዲያ ቁሙ።